ይመጣል ያልኩት ዕቃ

ስንዴ ማጨጃው ኮምባይነር የቆመው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። አልጮኸም፤ አልጨሰም፤ ጎማውም አልፈነዳም። ኦፕሬተሩ ፊት ለፊት ያለችው ትንሽ ሰሌዳ አንዴ ቀይ አብርታ ጠፋች፤ ከዚያ ያ ሁሉ ብረት ስንዴው መሀል እንደ ደከመ በሬ ዝም አለ። ከታችኛው ሰፈር አሥራ ሁለት ማሳዎች ታጭዶ ያለቀው አንዱ ብቻ ነበር። የቀሩት አሥራ አንዱ ደርሰው፣ ደርቀው፣ ነፋስ በነካቸው ቁጥር እየተንሿሹ ቆመዋል። በተራው መጨረሻ ላይ ያለው የእናቴ ነው።

እኔ የደረስኩት ከትምህርት ቤት ስመለስ ነው። አሰላ ዳር ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በጠዋት ፈረቃ አስተምራለሁ፤ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ከሰዓት በኋላ በባጃጅ እስከ መንገዱ መጨረሻ፣ ከዚያ በእግሬ ወደ ጭላሎ ግርጌ እወጣለሁ። አባቴ ከሞተ ወዲህ እናቴ ማሳውን የምትይዘው ብቻዋን ነው። ያቺ ሄክታር የማትሞላ ስንዴ የዓመት ቀለቧም የከርሞ ዘሯም ናት። የእኔ ደመወዝ ለጨውና ለሳሙና ይደርሳል እንጂ ጎተራ አይሞላም።

እዚህ ላይ ስለ አሠራራችን ትንሽ ላስረዳ፤ ያለዚያ የሆነው ነገር አይገባም። ሰፈራችን ሁለት ነው። ላይኛው ሰፈር ዳገት ስለሆነ ማሽን አይዞርበትም፤ በየዓመቱ በማጭድ፣ በወንፈል ያጭዳል። ወንፈል ማለት ዛሬ ሠላሳ ሰው ያንተን ያጭዳል፣ ነገ አንተ ከቀሩት ጋር ሆነህ የሌላውን ታጭዳለህ ማለት ነው። የእኛ የታችኛው ሰፈር ግን ሜዳ ነው፤ ልጆቹም አብዛኞቹ አዳማና አዲስ አበባ ገብተዋል፤ እጅ የለንም። ስለዚህ «ለማሽን ነን» ብለን ከወንፈሉ እንወጣለን። መውጣት ጠብ አይደለም። ተራ ከወጣ በኋላ ልግባ ማለት ግን የሰው ወረፋ መስበር ነው፤ ማንም አይወደውም።

በዚያ ሳምንት የማስተምረው ምዕራፍ ስለ ዓለም ሥርዓት ነበር። አዲስ ኃያል ሲነሣ ነባሩ ምን ያደርጋል? በመሀል ያሉትስ? እኔ ሥርዓት እወዳለሁ። ቀኑን በሰሌዳው ቀኝ ጫፍ እጽፋለሁ፤ ርእሱን ሁለት ጊዜ አሰምርበታለሁ። ነባሩን ኃያል በነጭ ጠመኔ ትልቅ ክብ አድርጌ፣ የሚነሣውን በቀይ ጠመኔ ሌላ ክብ አድርጌ ሣልኩ፤ በመሀላቸው ትንንሽ ነጥቦች በተንኩ። ከፊት የምትቀመጥ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ነጥቦቹ የየትኛው ክብ ናቸው?»

«የማንም አይደሉም» አልኳት። «ነጥብ ከሁለቱም ጋር ይገበያያል። ሁለት ትልልቆች ሲፎካከሩ ትንሹ ይፈለጋል፤ ጥቅሙ እዚያ ላይ ነው።»

ጻፈችው። ጥሩ መልስ መሰለኝ። ልጅቷ የጎረቤታችን የአንድ ሽማግሌ የልጅ ልጅ ናት፤ ያልኩትን ሁሉ ቤት ወስዳ እንደምታወራ አላሰብኩም ነበር።

ማሳው ጋ ስደርስ ወደ አሥር ሰው ተሰብስቧል። ኦፕሬተሩ የአሰላ ልጅ ነው፤ አፉ አያርፍም። ከመቀመጫው ሥር አንድ ክዳን ፈትቶ መዳፍ የምታክል ጥቁር ሣጥን አወጣና እንደ ሞተች ጫጩት ይዞ አሳየን።

«ሞተሩ ደህና። ቺንጋው ደህና። ማጨጃው ደህና። ይቺ ናት። አንጎሏ ሞቷል።»

«ጠግናታ» አሉት ሽማግሌው። ማሽኑ የቆመው እሳቸው ማሳ መሀል ነበር።

«አባባ፣ ይቺ አትጠገንም። ወይ አለች፣ ወይ የለችም።»

«እንደ ሚስቴ ናት በለኛ» አለ አንዱ፤ ሰው ሳቀ።

ኦፕሬተሩ ግን አልሳቀም። «የድሮዋ ማሽን ብትሆን በሽቦ አስሬ አስነሣት ነበር» አለ። የድሮዋ ያላት ከአውሮፓ የመጣችውንና እናቴ ልጃገረድ ሳለች ጀምሮ የምናውቃትን ነው። ባለቤቱ እሷን ሸጦ ይህችን አዲስ የቻይና ማሽን ከገዛ ሁለተኛ መኸሯ ነው። ፈጣን ናት፤ እህል አትበትንም፤ ሁላችንም ወደናት ነበር። ኦፕሬተሩ ስልክ ደውሎ ከባለቤቱ ጋር ተነጋገረና መልሱን ነገረን። ዕቃው አዲስ አበባም የለም፤ ከቻይና ይመጣል፤ አሥራ አምስት ቀን ብለዋል።

ይህን እየተነጋገርን የወንፈሉ አለቃ ከላይኛው ሰፈር ወረደ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ምላሱ ከማጭዱ የሚስል ሰውዬ ነው። የቆመውን ማሽን አንዴ ዞረው።

«ሐሙስ እንጀምራለን» አለ። «የምትገቡ ከሆነ ዛሬ ንገሩኝ፤ ተራውን እንደ አዲስ እናወጣለን። ሐሙስ ካለፈ ግን ለታችኛው ሰፈር ብዬ የማንንም ተራ አላፈርስም።» ከዚያ ማጭዱን ከፍ አድርጎ አሳየን። «ይቺም የቻይና ናት። አሰላ ገበያ ነው የገዛኋት። ግን አንጎል የላትም፤ ስለዚህ አትሞትም!»

እንደገና ተሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ወንፈል መግባት ማለት ለአንድ ማሳ ሲባል ለላይኛው ሰፈር ማሳ ሁሉ ጉልበት መስጠት ነው። የሚታጠፍ ወገብ ያለው ደግሞ ከመካከላችን ጥቂት ነበር። ሁሉም መጠበቅ ፈልጓል፤ የቸገረው ጠብቁ የሚለው ሰው ነው።

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ።

«ባርሲሳ» አሉኝ። በኦሮምኛ መምህር ማለት ነው፤ ሌላ ስም ጠርተውኝ አያውቁም። «የልጅ ልጄ ትነግረናለች፤ የቻይናን አገር ነገር ታስተምራለህ አሉ። ይልካሉ ወይ?»

አላውቅም ማለት እችል ነበር። አንድ ቃል ነው። ግን አሥር ሰው ፊቴን እያየኝ ነው፤ ምዕራፉ ደግሞ ገና ትናንት ያስተማርኩት ነው። እንጨት አንሥቼ መሬቱ ላይ ሁለቱን ክቦች ሣልኩ።

«አንደኛ» አልኩ፤ «ይህ አገር ገና እየተነሣ ያለ ኃያል ነው። ነባሩ ስሙን ሠርቶ ጨርሷል፤ ቢያስቀይምም ይታለፍለታል። የሚነሣው ግን እንደ አዲስ ሙሽራ ነው፤ ጎረቤት ሁሉ እጁን ያየዋል። ሁለተኛ፣ መንገድ የሠራው፣ ማሽን በርካሽ የሸጠው ወዳጅ ለማብዛት ነው። በአንዲት ትንሽ ሣጥን ወዳጅ አያጣም። ሦስተኛ፣ ዕቃ የሚያዘገይ ከሆነ ነገ ማሽኑን ማን ይገዛዋል? ስለዚህ መላኩ ለእኛ ብሎ አይደለም፤ ለራሱ ብሎ ነው።»

ሽማግሌው ክቦቹን ሲያዩ ቆዩ። «ስለዚህ ይመጣል?»

«ይመጣል» አልኩ።

የእኛ ሰፈር ሰው አንድ ነገር አለው። የትምህርት ቤት ቃል ከመንግሥት ቤት የወጣ ይመስለዋል። ነርስ ስትናገር፣ የግብርና ባለሙያ ሲናገር፣ መምህር ሲናገር፣ በስተኋላው ማኅተም ያለበት ወረቀት አለ ብሎ ያስባል። እኔ ከመጽሐፍ ያነበብኩትን አስቤ ተናገርኩ፤ እነሱ የተረጋገጠ ወሬ ሰሙ። ያንን ልዩነት የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ዝም አልኩ።

«እንግዲህ በባርሲሳ ይሁንባችሁ» አለ የወንፈሉ አለቃ፤ ዳገቱን ወጣ።

እናቴ ስብሰባው ላይ አልነበረችም፤ ግን ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቤት ገብቷል። ባቄላ እየለቀመች ቀና ሳትል ጠየቀችኝ።

«ደውለህ ጠይቀህ ነው ወይስ አስበህ?»

«አስቤ ነው።»

መልቀሟን ቀጠለች።

የመጀመሪያው ሳምንት ሰማዩ ንጹሕ ነበር። ጠዋት ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ ይጋገራል፤ ረፋድ ላይ ፀሐዩ ያቃጥላል። ለመኸር ከዚህ የተሻለ የለም። ሐሙስ የላይኛው ሰፈር ሰዎች አጨዳ ጀመሩ፤ ድምፃቸው እኛ ጋ ይሰማ ነበር። የእኛ ሰዎች በየማሳቸው ዳር እየቆሙ ዛላ እያሹ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። የደረሰ ስንዴ ምን ያስፈራል ለሚል ላስረዳ። ለደረሰ ስንዴ ጠላቱ ዝናብ ነው። ዛላው ደርቆ እያለ ዝናብ ለሁለት ቀን ካገኘው ፍሬው መሬት የገባ ይመስለውና ቆሞ እንዳለ ይበቅላል። ከዚያ በኋላ ዳቦም አይሆን፣ ዘርም አይሆን።

በሰባተኛው ቀን ጠዋት ባጃጅ ውስጥ ሬዲዮ ሰማሁ። ነባሩና የሚነሣው ኃያል አንዱ የሌላውን ዕቃ ቀረጥ እየጨመረ ነው ይላል። አንዳንድ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ከአገር ለመውጣት ልዩ ፈቃድ ሊጠየቅበት ነው። ከቀይ ባሕር አካባቢ ግጭት የተነሣ አንዳንድ መርከቦች በሩቁ እየዞሩ ነው። ይህን ሁሉ ክፍል ውስጥ «ፉክክር» በሚል ንዑስ ርእስ ሥር አስተምሬዋለሁ። አሁን ግን የቀሩትን ቀናት በጣቴ ቆጠርኩ። ሹፌሩ መስማት ሰልችቶት ሬዲዮውን ወደ ዘፈን አዞረው።

«እነሱ ይጣሉ፣ ቤንዚን እዚህ ይወደድ» አለ። «ዳኛ የለው ነገር።»

«ሥርዓትማ አለው» አልኩት።

«የማን?»

ሒሳቡን ከፍዬ ወረድኩ።

በዘጠነኛው ቀን ለኦፕሬተሩ ደወልኩ። ያለወትሮው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ቲቸር፣ ለሰው እንዳትናገር። ባለቤቱ ዝም በል ብሎኛል። ዕቃዋ ገና ከፋብሪካ አልወጣችም። ፈቃድ ይጠበቃል አሉ።»

«የምን ፈቃድ?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ? የዓለምን ነገር የምታውቀው አንተ አይደለህ እንዴ!»

ስልኩን ዘግቼ ትምህርት ቤቱ አጥር ጥግ ቆምኩ። ወዲያው መሄድ ነበረብኝ። በዚያው ሰዓት ባጃጅ ይዤ ሽማግሌው ቤት ገብቼ መናገር ነበረብኝ። አልሄድኩም። ምናልባት ነገ ፈቃዱ ይወጣል፤ ምናልባት ኦፕሬተሩ አጋንኖ ነው፤ ምናልባት ሰማዩ እንዲህ እንደጠራ ይቆያል አልኩ። እውነቱ ግን ፈራሁ ነው። ዝናቡን ከመፍራቴ በላይ የሽማግሌውን ፊት ፈራሁ። ያን ቀን ወደ ቤት ስሄድ በማሳቸው በኩል ያለውን መንገድ ትቼ በወንዙ ዞርኩ።

በማግስቱ ተማሪዋ ከክፍል ስወጣ ጠበቀችኝ።

«ቲቸር፣ አባባ ዕቃው የት ደረሰ ብለሽ ጠይቂው ብለውኛል።»

«መንገድ ላይ ነው» አልኳት።

ሄደች። ከአፌ የወጣው ውሸት መሆኑን የተረዳሁት በሩን ካለፈች በኋላ ነው። ያን ቀን ሁለተኛውን ክፍለ ጊዜ እንዴት እንዳስተማርኩ አላስታውስም፤ ርእሱን ማስመር እንኳ ረስቼ ነበር።

በአሥራ አንደኛው ቀን ጭላሎ ጠፋ። ሙሉ በሙሉ። ሁልጊዜ ትምህርት ቤታችን በር ላይ ሲቆሙ ፊት ለፊት የሚታየው ተራራ በዚያ ጠዋት የለም፤ በቦታው አመድ የመሰለ ደመና ተቀምጧል። መምህራን ማረፊያ ውስጥ አንዱ ባልደረባዬ ሻዩን እያማሰለ «ያለ ጊዜው ሊዘንብ ነው» አለ፤ ሌላው ስለ ፈተና ወሬውን ቀጠለ። እኔ ሻዬን እንዳለ ትቼ ተነሣሁ። ባልደረባዬ ክፍለ ጊዜዬን እንዲሸፍንልኝ ለምኜ ወጣሁ።

ሽማግሌው ማሳቸው ዳር ነበሩ። የቆመው ኮምባይነር ከኋላቸው፣ ዛላ መዳፋቸው ላይ።

«አባባ፣ ዕቃው አልተላከም።»

«መቼ ሰማህ?»

«ከትናንት ወዲያ።»

ቀና ብለው አላዩኝም። የታሸውን ፍሬ በጣታቸው እየገፉ «ሁለት ቀን» አሉ። ቀጥሎ ጠየቁኝ፤ ድምፃቸው ክፍል ውስጥ ጥያቄ እንደሚጠይቅ ሰው ነበር። «በወንፈል ሁለት ቀን ስንት ማሳ ነው?»

«ሁለት፤ እኛም እጅ ከጨመርን አራት።»

«አራት» አሉ። «የልጅ ልጄን ‹መንገድ ላይ ነው› ብለሃታል። ከአንተ ሰማሁ ብላ ለጎረቤት ሁሉ ተናግራለች። ልጅቱን ምን አድርጋ ነው ያዋሸሃት?»

ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር፤ አልተቆጡም። ወደ ወንዙ ዳር ወረዱና እርጥብ ሣር ነጨት አድርገው ይዘው ተመለሱ። እናቴን አስጠሩ። ሦስታችን ወደ ላይኛው ሰፈር ወጣን። በእኛ አገር እርጥብ ሣር በሁለት እጁ ይዞ የመጣን ሰው ዝም ብሎ መመለስ ነውር ነው፤ ይሰማል። እናቴም ያዘች። እኔ ለመንቀል ሳጎነብስ ሽማግሌው ከለከሉኝ።

«አንተ አትያዝ። ሣር የሚይዝ የሚለምን ነው። አንተ ያልከውን ትናገራለህ።»

የላይኛው ሰፈር ሰዎች የአንዱን ማሳ ጨርሰው ነዶ እያሰሩ ነበር። የወንፈሉ አለቃ ገና ከሩቅ አየን።

«የቻይና መልእክተኞች መጡ!» ብሎ ጮኸ። «ሣጥኗ ነቃች?»

ሰው ሳቀ። ሣሩን ሲያዩ ግን ሳቁ ቆመ። ሽማግሌውና እናቴ ሣሩን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ቆሙ። እኔ ፊታቸው ወጣሁ።

«ሳላውቅ እንደሚያውቅ ሰው ተናገርኩ» አልኩ። «ሐሙስ እንዳይገቡ ያደረግኋቸው እኔ ነኝ። ዕቃው እንዳልተላከም ከሰማሁ ሁለት ቀን ሆኖኛል፤ ደብቄያለሁ። ጥፋቱ የእነሱ አይደለም።»

አለቃው ማጭዱን በጭኑ ጠረገ። ወደ ተራራው አየ፤ ሁላችንም አየን። ደመናው ወርዷል።

«የእኛ አራት ቀርቷል» አለ በመጨረሻ። «የእናንተ አሥራ አንድ። እጅ ከጨመራችሁ በቀን ሁለት እንጥላለን። አንድ ከላይ፣ አንድ ከታች፤ የእኛ ሲያልቅ ሁለቱም ከእናንተ። ባርሲሳ ከሰዓት በኋላ ሁሉ ማጭድ ይይዛል። የማን ማሳ ይቀድማል?»

«ባሏ የሞተባት ትቅደም» አሉ ሽማግሌው። ልማዱ እንደዚያ ነው፤ ማንም አይቃወመውም። እኔ እፎይ አልኩ። እፎይ በማለቴ ዛሬም አፍራለሁ።

እናቴ ሣሩን እንደያዘች «የእኔ መጨረሻ ይሁን» አለች። «ቃሉ የወጣው ከእኔ ቤት ነው።»

«እማዬ…» አልኳት።

«አንተ ዝም በል። ተናግረሃል።»

ሽማግሌው ሊለምኗት ሞከሩ፤ አልሰማችም።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት የማስታውሰው በአንገቴ ነው። ጎንበስ ብዬ አጭድና አንገቴን አዙሬ ተራራውን አያለሁ፤ አጭድና አያለሁ። መጀመሪያ ቀን አውራ ጣቴን ቆረጥኩ። ሦስት እፍኝ አጭጄ ስለ እህሉ ርጥበት ለጎረቤቴ ስነግረው አለቃው ከጫፍ ሆኖ ሰማኝ።

«ባርሲሳ፣ ስንዴውን አታስረዳው፤ እጨደው!»

ሴቶቹ ምግብ በሁለት ዕቃ ያመጡ ነበር፤ ለእኛ የገና ጾም ስለነበር ሽሮና ቆሎ፣ ለሙስሊሞቹ በቅቤ የታሸ የገብስ ጩኮና እርጎ። በሽማግሌው ማሳ ኮምባይነሩን ዙሪያውን አጨድነው፤ ከጎማው ሥር ያለውን ስንዴ እሳቸው ተንበርክከው ራሳቸው በእጃቸው ነቀሉ። በየቀኑ ሁለት ማሳ ወደቀ። ደመናው በየቀኑ ተራራው ላይ ተቀመጠ፤ አንዳንዴ ጠብታ ይጥልና ያቆማል። ጠብታ እጄ ጀርባ ላይ ባረፈ ቁጥር ማጭዴን አፈጥን ነበር። ጠዋት ጠዋት ክፍል ገብቼ የሚቀጥለውን ምዕራፍ አስተማርኩ። ቀዩን ጠመኔ ግን አልነካሁትም። ተማሪዋ ጥያቄ አልጠየቀችኝም።

በስምንተኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ የቀረው የእናቴ ብቻ ነበር። ጠዋት ገባን። ሠላሳ ምናምን ሰው በአንድ መስመር ሲያጭድ እንደ ወንዝ ድምፅ አለው፤ ያን ቀን ከዚያ ድምፅ በቀር የሚናገር አልነበረም። እስከ እኩለ ቀን ግማሹ ወደቀ። ነዶውን እየተሸከምን ወደ አውድማው ስንሮጥ ነፋሱ በአንዴ ቀዘቀዘ። ሽማግሌው «ሮባ» አሉ። ዝናብ።

መጣ። እንደ ክረምት መጣ። ላስቲክ በክምሩ ላይ ስንዘረጋ ነፋሱ ከእጃችን ይነጥቀናል፤ አለቃው ራሱ ላዩ ላይ ተኛበት። ያልታጨደው ግማሽ ፊታችን አንገቱን ደፋ፤ ከዚያ እየተጋደመ ሄደ፤ ከዚያ እንደ ተነጠፈ ምንጣፍ መሬት ላይ ተኛ። እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ ማሳው ዳር ቆማ ታያለች። ግቢ ብላት አልገባችም። እኔ በልቤ እቆጥር ነበር፤ ሁለት ቀን፣ አራት ማሳ። ደብቄ ባልውል ኖሮ ይህ ማሳ ትናንት ታጭዶ ያልቅ ነበር።

ዝናቡ እስከ ሰኞ ዘነበ። ማክሰኞ እናቴ ከተኛው ስንዴ አንድ ዛላ አንሥታ መዳፏ ላይ አሸችና አሳየችኝ። ከእያንዳንዱ ፍሬ ጫፍ ነጭ ክር ወጥቷል።

«ይህ ለዘር አይሆንም» አለች። «ከዳነው ለዘር እንለያለን። ይህን እንበላለን።»

በላነው። የበቀለ ስንዴ ዱቄት አይነሣም፤ ዳቦው መሀሉ እንደ ጭቃ ይጣበቃል፤ ትንሽ ይጣፍጣል፤ ጣፋጭነቱ ነው የሚያስጠላው። እናቴ እየቆረሰች ትበላለች። እኔ እሷ እያየችኝ እውጣለሁ። ለዘር የለየችው ከሚያስፈልጋት ያንሳል፤ በማሳው ጥግ ያለውን ቁራጭ ዘንድሮ ባዶ ትተወዋለች። ዕቃው በጥር መጣ። ኦፕሬተሩ ገጥሞት ማሽኑን በባዶው ማሳ አቋርጦ ነዳና ወደ ከተማ ወሰደው።

ከጥቂት ቀናት በፊት ከሰዓት በኋላ ወደ ቤት ስወጣ የታችኛው ሰፈር ሰዎች መንገዱ ዳር ቆመው ጠበቁኝ። የማዳበሪያ ምዝገባ ሊያልቅ ነው። ሬዲዮው ስለ ኃያላኑ ጠብ ያወራል፤ ማዳበሪያውም ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነው። እንዳምናው ስንዴ እንዝራ ወይስ ማዳበሪያ ብዙ የማይፈልገውን ባቄላ? አንዱን መርጠው መመዝገብ አለባቸው፤ ከተመዘገቡ በኋላ መመለስ የለም።

«ባርሲሳ» አሉኝ ሽማግሌው፤ «ምን ትላለህ?»

ይህን አልጠበቅሁም። ሁለተኛ አይጠይቁኝም ብዬ ነበር፤ በሚስጥር እፎይ ብዬበትም ነበር። አሁን ግን ያው አሥር ሰው ነው፤ ያው ዓይን ነው። የሚያስፈራኝ ቁጣቸው ቢሆን ኖሮ እችለው ነበር። ካለ እኔ የሚጠይቁት ሰው እንደሌላቸው ያን ጊዜ ገባኝ። እግሬ ሥር እንጨት ወድቋል። አላነሣሁትም።

«አላውቅም» አልኩ። «ነገ ደውዬ የሰማሁትን እነግራችኋለሁ።»

እናቴ ከኋላ ነበረች። «ለምን ነገ?» አለች። «አሁን ደውል። እዚሁ፣ እኛ ፊት። ድምፁን ከፍ አድርገው።»

ስልኬን አወጣሁ። የማዳበሪያ ማከፋፈያውን ቁጥር ነካሁና ድምፁን ከፍ አድርጌ መዳፌ ላይ ዘረጋሁት። ሰዎቹ ቀረብ ብለው ከበቡኝ፤ አለቃውም ከዳገቱ እየወረደ ነው። ስልኩ ይጠራል። ማንም አያነሣም። ይጠራል።